ከእኛ የወሰዳችሁት ጥናት የት ደረሰ?

እስቲ ዛሬ ይውጣልኝ። ማስተርስም ሥሩ ፒኤችዲ፣ ሕክምናም አጥኑ ኢንጂነሪንግ፣ ለእናንተ ለአጥኚዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ከእኛ የወሰዳችሁት ነገር የት ደረሰ?

የማስተምረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች አነስተኛ ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ኬሚስትሪ። ዩኒቨርሲቲ ብዙ ስለማይርቀን ጥር ካለፈ በኋላ ግቢያችን በአጥኚ ይሞላል። ሁሉም የትብብር ደብዳቤ ይዘው ነው የሚመጡት። «ተማሪያችን ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ ስለሚሰበስብ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት» ይላል፣ ክብ ማህተም አርፎበታል። ዳይሬክተሩ ጥጉ ላይ ይመራበታል፣ ዩኒት ሊደሩ መጠይቁን ያድለናል፣ እኛም እንሞላለን። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። ሻይ ሳንጠጣ ደወል ይደወላል።

ይሄን ስናደርግ አጉረምርመን አናውቅም። ለእውቀት ነው ብለን ነው። ልጆቹም ሲመጡ ፀሐይ የመታቸው፣ በባጃጅ ከቀበሌ ቀበሌ ሲንከራተቱ የዋሉ ናቸው። ያሳዝናሉ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። መጠይቁ ተሰብስቦ ቦርሳ ውስጥ ከገባ በቃ፣ እንደ ወጣ ይቀራል። ምን ተገኘ? ምን ተባለ? እኛ ስለራሳችን የነገርናችሁ ነገር ምን ሆኖ ወጣ? አንድ ሰው ተመልሶ «ጥናቱ ይሄን አሳይቷል» ብሎን አያውቅም።

ከሁሉም በላይ አንጀቴን ያሳረረኝ የውሃው ጉዳይ ነው።

ግቢያችን ውስጥ ያለው ቦኖ ውሃ የሚመጣው ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። አንድ የኢንጂነሪንግ ልጅ ፍሎራይዱን፣ ከድንጋይ እየሟሟ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ማዕድን፣ ሊለካ መጣ። ጎበዝ፣ ሥራውን የሚያውቅ ልጅ። ጓንት አጠለቀ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ አፈሰሰው፣ ትናንሽ የፕላስቲክ ጠርሙሶቹን በራሱ በውሃው ደጋግሞ አለቀለቃቸው፣ ሞላ፣ በማርከር ቀንና ሰዓት ጻፈባቸው፣ በረዶ ያለበት ሣጥን ውስጥ ደረደራቸው። ተማሪዎቼ ከበውት ነበር። ፍሎራይድ ብርጭቆ ስለሚያጠቃ ናሙናው በፕላስቲክ እንደሚያዝ እዚያው ቆሜ አስረዳኋቸው። እንዲህ ያለ ትምህርት በጠመኔ አይገኝም። አንዷ ልጅ «ውጤቱን ይነግሩናል?» አለችው። «እንዴታ!» አላት።

አልነገረንም። ተመርቋል፤ ጋውን ለብሶ የተነሣውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አይቻለሁ። እሰይ፣ ደስ ይበለው። የእኛ ጉድጓድ የፍሎራይድ መጠን ግን አንድ ላይብረሪ ውስጥ፣ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ተቀምጧል፤ ልጆቹ ያንኑ ውሃ ይጠጣሉ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ምክንያቱ የእሳተ ገሞራው አለት ነው፤ ውሃው ከሥር እየሞቀ ፍሎራይዱን ከድንጋዩ ያወጣል። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እያደገ ያለ ሕፃን ይህን ውሃ ከጠጣ ጥርሱ በልዞ ይወጣል። ተፍቆ አይለቅም። በጣም የበዛ ፍሎራይድ ለዓመታት ከተጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ወገብ አልታጠፍ፣ አንገት አልዞር ይላል። በወንጂ ስኳር አካባቢ ይህ ችግር እንደ ፈረንጆቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲጠና ኖሯል። እኔ ሳልወለድ ማለት ነው።

እና እዚህ ሰፈር ያሉ እናቶች ምን ያደርጋሉ? ያፈላሉ። «ጤና ኤክስቴንሽኗ አፍሉ ብላለች» ብለው ከሰል እየገዙ ያፈላሉ። ለተቅማጥ ልክ ናት። ፍሎራይድ ግን በማፍላት አይሄድም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ በቀረው ላይ ይበዛል። ዝናብ ውሃ ማጠራቀም ይረዳል። በአጥንት ከሰል ማጣራት ይቻላል፣ የከብት አጥንት አቃጥሎ ነው የሚሠራው፣ በአገራችንም ተሞክሯል። ይሄ ሁሉ የታወቀ፣ የተጻፈ፣ በጆርናል የወጣ ነገር ነው። ጀሪካን ተሸክማ ለምትሄደዋ እናት ግን ማንም አልነገራትም። ከተማሪዎቼ መካከል እጇን አፏ ላይ ሳትጭን የማትስቅ አለች። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የዶርም ልጆች «ጥርስህን አትፍቅም እንዴ?» እያሉ ያሸማቀቁት ልጅ አውቃለሁ። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ በወጉ ሊያስረዳቸው እንኳን አልቻለም። ጥናቱ በተጠናበት ግቢ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ!

የሰፈራችን እማማ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ለቅሶ ቤት ገብተው የሟቹን ወንድነት፣ የእናቱን ወተት፣ የተወለደበትን አገር በግጥም ሲያወርዱት ድንጋይ ያስለቅሳሉ። አንድ የሥነ ቃል ተማሪ መጣላቸው። ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ተቆላ፣ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጦ ከሰዓቱን ሙሉ ቀዳቸው። ደከመን አላሉም። «ልጄ፣ ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው አጥቼ ነው የኖርኩት» ነበር ያሉት። እያለቀሱ ነው ያወረዱለት፤ ቆሞ የሰማ ጎረቤት ሁሉ አልቅሷል።

እማማ አረፉ። ልጆቻቸው ያንን ድምፅ ፈለጉት። ለአርባው እንድናሰማው አሉ። የተማሪው ስልክ አይሠራም። በሰው በሰው የመመረቂያ ጽሑፉ ያለበት ላይብረሪ ተገኘና እኔ ሄድኩ። መዋስ አይቻልም፣ ፎቶ ኮፒ አይቻልም፣ እዚያው ተቀምጦ ማንበብ ብቻ። አነበብኩ። ግጥሞቻቸው አሉ፣ በቁጥር በቁጥር ተደርድረዋል። ስማቸው ግን የለም። «መረጃ ሰጪ 4፣ ሴት» ነው የሚለው። አንዳንዱ ጥናት ስም መደበቅ ያስፈልገዋል፣ ይገባኛል፤ የበሽተኛ ስም አይወጣም። ግጥም ገጣሚ አለው እኮ! እሳቸውን ማን ጠየቀ? ስሜ ይጻፍ ወይስ ይቅር ብለው ነበር? የድምፁ ቅጂማ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አንድ ፍላሽ ዲስክ ለቤተሰቡ መስጠት ስንት ይፈጃል?

የትምህርት ጥናቱን አላነሣም ብዬ ነበር፣ የራሴ ሙያ ስለሆነ ያመኛል። ግን ይነሣ። እንደ ፈረንጆቹ በ2010 በተለያዩ ክልሎች የታች ክፍል ተማሪዎች የማንበብ ችሎታ ተለክቶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም። አንዲት ቃል! የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ደግሞ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ አገር ሁሉ «ምን ጉድ ነው» አለ። ጉዱ ገና ከታች ክፍል ታይቷል እኮ። ተለክቷል፣ ተጽፏል። የታች ክፍል መምህራን ስንቶቹ ያንን ውጤት በእጃቸው ይዘው ያውቃሉ? የማውቃቸውን ጠይቄያለሁ። ስለመኖሩም የሰማ አላገኘሁም።

የጤናዎቹን በዚህ ላመሰግናቸው ይገባል። የሆድ ትላትል ሊያጠኑ የመጡት ልጆች የሰገራ ናሙና ወስደው፣ የተገኘባቸውን ተማሪዎች በሳምንቱ መድኃኒት አውጠዋቸዋል። እንዲህ ነው የሚሆነው። ቢያንስ ከልጁ የወሰዱትን ለልጁ መልሰዋል። ለትምህርት ቤቱ ግን ከመቶ ስንቱ እንደተያዘ፣ ሽንት ቤታችን ይሁን ውሃችን ምክንያቱ፣ የነገረን የለም።

በሕክምና ጥናት ይህ ነገር የቸርነት ጉዳይ አይደለም። ዓለም የሚመራበት የሄልሲንኪ ድንጋጌ የሚባል አለ፤ ዛሬ የሚሠራበት ቅጂ ተሳታፊዎች ሁሉ የጥናቱን ጠቅላላ ውጤት የማወቅ ምርጫ ሊሰጣቸው ይገባል ይላል። ፈቃድ የምንፈርምበት ወረቀት ላይ «የሚሰጡት መረጃ በምስጢር ይያዛል» የሚለው ሁልጊዜ አለ። ምስጢሩ በደንብ ተጠብቋል፤ ከእኛም ጭምር!

ተማሪዎቹን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ አልፈልግም። ገንዘብ የላቸውም። የናሙና ምርመራ የሚከፍሉት ከኪሳቸው፣ ወይም ከእናታቸው ነው። ዲፌንስ ቀን ይቆረጥባቸዋል፣ የቤት ኪራይ ይጠብቃቸዋል፣ ሥራ ፍለጋ ይሮጣሉ። እኔ ያዘንኩት በአማካሪዎቹ ነው። «ሜትዶሎጂህ ላላ ብሏል፣ ምዕራፍ ሁለትህ ሳስቷል» ብሎ ተማሪውን የሚያመላልስ አማካሪ፣ «ለመሆኑ ውጤቱን ለሰዎቹ ነገርካቸው?» ብሎ መጠየቅ ምን ያቅተዋል? መምህራኑ ዕድገት የሚያገኙት ጆርናል ላይ በወጣ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። አንዳንዱ ጆርናል ደግሞ አንዱን ጽሑፍ ለማንበብ በዶላር ይጠይቃል። ስለ ቀበሌያችን ውሃ ለማንበብ ዶላር! በእርግጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት በነፃ ማስቀመጡ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌሎቹም ቢከተሉ እላለሁ። ግን መቶ ገጽ እንግሊዝኛ ለቀበሌ ሊቀመንበር ምን ይሠራለታል?

እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ «ምክረ ሐሳብ» የሚባል ክፍል አለ። የሚመለከተው አካል ይህን ቢያደርግ፣ ወረዳው ያንን ቢያስተካክል፣ ትምህርት ቤቱ እንዲህ ቢል። የሚመለከተው አካል እኮ እኛ ነን! ለእኛ የተጻፈ ደብዳቤ ለእኛ ሳይላክ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

እኔ ጥናት የምጠላ ሰው አይደለሁም። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምነግራቸው የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ትል የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀው ከዚያ ተነሥቶ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙበት። ያ ምርምር የተጀመረው ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች እግር ሥር ነው። እንዶድ መውቀጡን ያወቁበት እነሱ ናቸው። አክሊሉ ለማም የታገሉት ድሃ አገር በገዛ ተክሉ በርካሽ እንዲጠቀም ነበር።

እኛ የጠየቅነው ደግሞ ሽልማት አይደለም። አንድ ገጽ ነው። በአማርኛ፣ ወይም በአካባቢው ቋንቋ። «ይሄን ጠየቅናችሁ፣ ይሄን አገኘን፣ ይሄን ብታደርጉ ይጠቅማችኋል።» ዩኒቨርሲቲው ያንን ገጽ የተቀበልንበትን ማህተም ካላየ ቴሲሱን አልፈርምም ቢል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁሉ ነገር ይስተካከላል። ለትብብር ደብዳቤ ማህተም የማይጠፋ ለዚህ አይጠፋም።

በእኛ በኩል ከጥቂት መምህራን ጋር ተነጋግረን ለዳይሬክተሩ ሐሳብ አቅርበናል። ከዚህ በኋላ መጠይቅ ይዞ የሚመጣ ሰው ስሙን፣ የአማካሪውን ስምና ውጤቱን የሚያመጣበትን ወር መዝገብ ላይ ይፈርም። ወሩ ሲደርስ ለአማካሪው እንደውላለን። እሺ ብሏል። ሌላ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ቀበሌ ያላችሁም እንዲሁ አድርጉ። እባካችሁ ሼር አድርጉት፣ አማካሪዎቹ ጋ ይድረስ።

አንተ ደግሞ፣ ከግቢያችን ቦኖ ውሃ የቀዳኸው ልጅ፣ ይህን ካነበብክ አልተቀየምኩህም። ሥራህ ጥሩ ነበር። የጉድጓዱን ቁጥር ብቻ ኢንቦክስ አድርግልኝ። በሊትር ስንት ሚሊግራም እንደሆነ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እኔ እለጥፈዋለሁ፤ ወላጆችን ሰብስቤ የማስረዳውም እኔ ነኝ።