160 ሰው አዳራሽ ውስጥ አጭቆ «አመለካከት ቅረጹ»!

የኮርሱ መግለጫ ላይ ሁሌም ሦስት ነገር ይጻፋል፦ እውቀት፣ ክህሎት፣ አመለካከት። እውቀቱን በስላይድ እንጭናለን። ክህሎቱን «ዕቃ የለም» ብለን እናልፈዋለን። አመለካከቱ ላይ ግን ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እኛው የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነን የምንወቀሰው። «የተማሪውን አስተሳሰብ መቀየር አቃታችሁ!» እሺ፣ በምን እንቀይረው?

በዚህ በባሕር ዳር ሙቀት 160 ፍሬሽ አንድ አዳራሽ ውስጥ ታጭቋል። ማራገቢያው ደስ ሲለው ይዞራል፣ ማይክ የለም። ፊት ያሉት ላይ እጮሃለሁ፣ ኋላ ያሉት ቲክቶክ ላይ ናቸው። አልፈርድባቸውም፤ እኔም እዚያ ጥግ ብቀመጥ ስልኬን ነበር የማወጣው።

ኤችዲፒ የሚባለውን የዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተማር ዘዴ ሥልጠና ስንሰለጥን ሃያ ምናምን መምህራን ክብ ሠርተን ተቀምጠን፣ ግድግዳው ላይ ወረቀት እየለጠፍን ነው «ተማሪ ተኮር» የሚባለውን የተማርነው። ሥልጠናው መጥፎ አይደለም፣ ውሸት አልናገርም። ግን ክብ ሠርታችሁ አስቀምጡበት የተባልነው ወንበር ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ነው!

ታዲያ ተማሪው አመለካከት የሚማረው ከእኔ አፍ ሳይሆን ከአዳራሹ ነው። ዓርብ ከሰዓት ግማሹ ወንበር ባዶ ይሆናል፣ አቴንዳንሱ ግን ሞልቶ ይመለሳል። አንዱ ለጓደኞቹ ሲፈርም አየሁት፤ እስክሪብቶ ይቀያይራል። ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ እንደገና ሰማያዊ፣ አንዷን ፊርማ ደግሞ ወደ ግራ አጋደላት። ይቺ ጥንቃቄ አሳይመንቱ ላይ ብትኖር! የዕለቱ ርዕስ ምን ነበር? ታማኝነት።

ግሩፕ ወርክ ስሰጥ ስምንት ስም ይመጣል፣ የሠራው አንድ ነው። ሌላውን «አንተ ምን ሠራህ?» ስለው «ቲቸር፣ ፕሪንት ያስደረግኩት እኔ ነኝ» አለኝ። ኮራ ብሎ!

«ለምን አታስጽፋቸውም?» ትሉኝ ይሆናል። ቁጠሩልኝ። አንድ ገጽ ቢጽፉና ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ብሰጥ 800 ደቂቃ ነው፤ ከ13 ሰዓት በላይ፣ ለአንድ ሴክሽን። ሦስት ሴክሽን ይዣለሁ። ስለዚህ የምርጫ ጥያቄ አወጣለሁ፦ «ከሚከተሉት የመልካም ዜጋ ባሕርይ የቱ ነው?» መልሱ ሐ መሆኑ በጣት ምልክት ከፊት እስከ ኋላ ይደርሳል። የመውጫ ፈተና በ2015 ከመጣ ወዲህ ደግሞ ፍሬሹም ሳይቀር ጥያቄው አንድ ሆኗል፦ «ቲቸር፣ ይሄ ኤግዚት ላይ ይመጣል?»

አንዴ ስለ እምቦጭ ጠየቅኋቸው። ጣና ላይ የተንሰራፋውን ይሄን አረም ማን ያጥፋው? «መንግሥት!» አሉ በአንድ ድምፅ። ከዚያ ዝም። ስወጣ አንዲት የደምቢያ ልጅ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ሰው እኮ አልሰነፈም። ወገባችን ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተን በእጃችን ነቅለናል። ዳር ላይ የከመርነው ሳይቃጠል ክረምት ገባና ውኃው መልሶ ወሰደው። ዘንድሮ ውጡ ሲባል አባቴ እምቢ አለ።» ሰው ለምን ተስፋ እንደሚቆርጥ፣ ሥራ ሲጀመር እስከ መጨረሻው ማን እንደሚከታተል፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። «ለምን ክፍል ውስጥ አልተናገርሽም?» አልኳት። «ድምፄ አይሰማም። ከዚያ ደግሞ ይስቁብኛል።»

ውጭ አገርም እኮ ትልቅ ሌክቸር አለ፤ ብዙ ቦታ ግን ከሌክቸሩ በኋላ ተማሪው በትንንሽ ቡድን ተከፍሎ የሚከራከርበት ቱቶሪያል አለው። እኛ ሌክቸሩን አመጣንና ቱቶሪያሉን እዚያው ተውነው። በሁለት ሳምንት አንዴ እንኳ አርባ አርባ አድርገን የምናወያይበት ክፍልና አጋዥ ጂኤ (ረዳት ጀማሪ መምህር) ስጡን ብለን ጠየቅን። መልሱ «በጀት የለም» ነው። ለአስተሳሰብ ለውጥ ሥልጠና ግን ባነሩም፣ ውኃውም፣ አበሉም አለ።

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል አለኝ። በባትሪ የምትሠራ ማይክ የሚያውሰኝ ካለ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ከሆነ መጥቼ እወስዳለሁ። ለእኔ አይደለም፣ ለዚያች ልጅ ነው የማቀብላት።