አፊያ ያድርግህ

ትናንት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቡና ተጠራሁ። አቦሉ ገና ሳይቀዳ ጎረቤታችን እትዬ ወደኔ ዞር ብለው፣ «አንተ ኮምፒዩተር ላይ ስዕል የምትስለው፣ ለልጄ ሰርግ ባነር አትሠራልኝም?» አሉ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ዩኤክስ ዲዛይነር ነኝ።»

«አብሽር፣ አላህ አፊያ ያድርግህ» አሉኝ፤ የበሽታ ስም መስሏቸው።

በእሳቸው አልፈርድም፤ የተማረውም ያው ነው። ባነሩንና አርማውን የሚሠራው ግራፊክስ ዲዛይነር ነው። የአፑን ቁልፍ፣ ቀለምና ፊደል የሚያሰናዳው ዩአይ (የገጽታ) ዲዛይነር ይባላል። እኔ፣ ዩኤክሱ (የተጠቃሚ ተሞክሮ ዲዛይነሩ)፣ ከቀለሙ በፊት ነኝ። ሰውየው ስልኩን ይዞ የት ጋ እንደሚደናገር፣ ምን አናዶት እንደሚዘጋው አጠገቡ ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ በወረቀት ነድፌ አስሞክረዋለሁ። «ዩኤክስ» የሚለውን ስያሜ ያስለመደው ዶናልድ ኖርማን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1993 አፕል ሲገባ የሥነ ልቦና ሰው እንጂ ሰዓሊ አልነበረም።

ደግሞ ፈረንጅ ምን ያስጠራል? «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያለው የኛው ሰው አይደለም? ይህን ተረት እወደዋለሁ። አያቴ ጀበና ሲገዙ በእጀታው ያነሱና ቡና እንደሚቀዳ ሰው ባዶውን ያዘነብሉታል። እጃቸውን ካልተመቸው ይመልሱታል። አንገቱ ላይ ያለውን ጌጥ ዞር ብለውም አያዩት።

ካነሳሁት አይቀር፣ አንድ ባንክ አለ፤ ስሙ ይቅር። አፑ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። የየትኛው ቤተሰብ? እኛ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው ያለን። ወሮቹን ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12 አድርጎ ደርድሯል፤ ጳጉሜን ላይ የተወለደችው እናቴ እንደ አፑ ከሆነ ገና አልተወለደችም። ለአጎቴ ቀጠሮ «2:00» ብሎ ሰጣቸው። እሳቸው በጠዋቱ ሁለት ሰዓት ደረሱ፤ አፑ የፈለጋቸው ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ኖሯል። ስድስት ሰዓት ሙሉ! የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንታቸው ድረስ ገባ። ሄጄ ብናገር ሠራተኛው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አፑ ግን በጣም ያምራል።» ያምራል! ሽማግሌ በር ላይ ገትሮ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ይህን ስጽፍም ደሜ ይፈላል።

ምን ላይ ነበርን? ባነሩ።

በቶናው ላይ ተሸነፍኩ። «የት ነው የሚሰቀለው? ከመንገድ ማዶ ይነበባል?» ብዬ ጀመርኩ።

«ኧረ ጥያቄ አታብዛ፤ መደቡን አረንጓዴ፣ ፊደሉን ወርቃማ አድርገው። ጽጌረዳም ይኑርበት፣ ትልልቅ።»

አደረግሁ። ጥሪው «8:00» ይላል፤ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ልጽፍበት ያሰብኩትን ቦታ ጽጌረዳው ወሰደው።