ማስተካከያ፦ ክሊፍ ያንግ ተኝቷል፣ ልምድም ነበረው

ባለፈው ስለ አውስትራሊያዊው የድንች ገበሬ ስለ ክሊፍ ያንግ ጽፌ ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. በ61 ዓመቱ ከሲድኒ እስከ ሜልበርን 875 ኪሎ ሜትር ሮጦ ያሸነፈው ሰው ነው። ጽሑፉ ውስጥ ስህተቶች ስላሉ አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«ከዚያ በፊት ተወዳድሮ የማያውቅ ገበሬ» ብዬ ነበር። ልክ አይደለም። ማራቶን ሮጧል። ከውድድሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም የ1000 ማይል ክብረ ወሰን ለመስበር ሞክሮ መንገድ ላይ አቁሟል። ይህን መተዌ በጣም ይቆጨኛል። ሰውየው ድንገት የተነሳ ተአምረኛ አልነበረም፤ ወድቆ የተመለሰ ሯጭ ነበር።

«አምስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም» ያልኩትም ስህተት ነው። ተኝቷል፣ ግን በጣም ትንሽ። በመጀመሪያው ሌሊት ካሰበው ሰዓት ቀድሞ ተነሳና በጨለማ መንገዱን ቀጠለ። ሌሎቹ ገና እንደተኙ ነበር። መሪነቱን የያዘው በዚያ ሌሊት ነው። ውድድሩን የጨረሰው በ5 ቀን ከ15 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው።

በጎማ ቦት ጫማ ሮጠ ያልኩት ግን እውነት ነው፣ ቦታው ይለያል እንጂ። ቦቱን አድርጎ የሮጠው እርሻው ላይ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ በጎቹን ሲያባርር ነው። ውድድሩን የሮጠው በስፖርት ጫማ ነው።

የ10,000 ዶላር ሽልማቱን ለሌሎቹ ሯጮች ማካፈሉን በትክክል ጽፌያለሁ፤ እሱ እንዳለ ይቆያል።