አክስቴ ያየችው፣ ልጄ ያላየችው

አክስቴ የምትኖረው አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከአየር ጤና አልፎ፣ ከተማው ወደ ገጠር ሊያዘነብል ሲል። ከሃያ ዓመት በላይ ከኖርኩበት ሜሪላንድ ከልጄ ጋር መጥተን ሦስት ሳምንት እርሷ ዘንድ ሰነበትን። እዚያ ቤት ቴሌቪዥን አይጠፋም። ቡና ሲፈላ ድምፁ ይቀነሳል፣ ምስሉ ግን ይቀጥላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዜናው ላይ የተገለበጠ አውቶቡስ ታየ፤ መሬት ላይ የተኛ ሰው ሊታይ ሲል ምስሉ ደበዘዘና ወዲያው ወደ ሌላ ዜና ታለፈ። ልጄ «ለምን ቆረጡት?» አለች። አክስቴ ከረከቦቱ ቀና ሳትል «ሳይቆርጡ ያሳዩንን እኔ አይቻለሁ» ብላ የ1967ን እንቁጣጣሽ ማውራት ጀመረች።

ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። በሰፈራቸው ቴሌቪዥን የነበራቸው አንድ ጡረተኛ ሻምበል ብቻ ስለነበሩ፣ አበባየሆሽ ሲሉ የዋሉት ልጃገረዶች ማታ እርሳቸው መስኮት ሥር ተኮለኮሉ። የታየው የወሎ ረሃብ ነበር። «አጥንታቸው የወጣ ሕፃናት፣ እዚያው ደግሞ ጃንሆይ ለውሻቸው ሥጋ ሲሰጡ» አለች። «ሁለቱንም ያነሣው ያ ፈረንጅ ነው። ውሻው ጠግቦ ፊቱን ሲያዞር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

ፈረንጁ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነው። ወሎ ገብቶ ያነሣው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዙ አይቲቪ ታየ፤ የውጭው ዓለም ደነገጠ፣ እርዳታ ተሰበሰበ። በእኛ ቴሌቪዥን የወጣው ግን አንድ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው። ደርግ ንጉሡን በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ሊያወጣቸው አንድ ሌሊት ቀርቶት ነበር። ፊልሙንም እንዳለ አላወጣውም። የቤተ መንግሥቱን ግብዣ፣ የሠርጉን ኬክ፣ የውሾቹን ቀለብ ከሌላ ቦታ እያመጣ በረሃብተኞቹ መካከል ሰካበት። ዲምብልቢ ወሎ ውስጥ የቤተ መንግሥት ውሻ አላነሣም።

ይህን ለአክስቴ ነገርኳት። «አንተ ያኔ ጡት እንኳ አልተውክም» አለችኝ። ውሸታም ናት ማለቴ አይደለም፤ ያየችውን አይታለች። ረሃቡ እውነት ነው፣ ግብዣውም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ በአንድ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ያስቀመጠው ግን በዚያ ሌሊት ፊልሙን የቀጠለው እጅ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎ ዛሬም አልተላቀቁም። ሳንሱር ሲባል ሁላችንም መቀሱን እናስባለን። እኔ ከመቀሱ ይልቅ የምፈራው ሙጫውን ነው።

እኔም ብሆን ከዚህ አላመለጥኩም። መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰልፉን፣ ቀዩን ሰንደቅ፣ አደባባዩ ላይ የተሰቀሉትን የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ሥዕሎች ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አያቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ በ41ኛው ቀን፣ ጥቅምት 13፣ የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ከኮረም ያወጡት የረሃብ ምስል ታየ፤ ከ400 በላይ የዓለም ቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ተቀባበሉት። ኮረም አገሬ ናት። እኔ ግን ያንን ጎህ ሲቀድ በብርድ የተኮራመተ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሜሪላንድ ውስጥ፣ ጎልማሳ ሆኜ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰልፉና ረሃቡ የአንድ ዓመት ነገሮች ናቸው፤ በእኔ ትዝታ ውስጥ ግን ሰልፉ የልጅነቴ ነው፣ ረሃቡ የስደቴ።

አሜሪካ ከዚህ ትሻላለች ብዬ ሄጄ ነበር። በብዙ ነገርም ትሻላለች። ነገር ግን እዚያም ሌላ እንቁጣጣሽ አለኝ፤ የመስከረም 1 ቀን 1994። ማክሰኞ ነበር። ለበዓሉ ከሥራ ፈቃድ ወስደን አንድ ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበናል፤ ዶሮው እሳት ላይ ነው። ኒው ዮርክ የሚነደውን ሕንፃ በቀጥታ ሥርጭት እያየን ሳለ ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ሲወድቁ አየን። አንዲት እህታችን በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ዶሮውን ያን ቀን የነካው የለም። የአሜሪካ ጣቢያዎች ከዚያ በኋላ የሚወድቁትን ሰዎች ከማሳየት ተቆጠቡ። የአሶሺየትድ ፕሬሱ ሪቻርድ ድሩ ያነሣውን፣ አንድ ሰው ቁልቁል ሲወርድ የሚያሳየውን ፎቶ ኒው ዮርክ ታይምስ በማግሥቱ በ7ኛ ገጹ አትሞት ነበር። አንባቢዎች ተቆጡ፣ ፎቶውም ከአገሪቱ ጋዜጦች ለረጅም ጊዜ ራቀ። ለሟች ክብር ነው፣ ለቤተሰብ ርኅራኄ ነው ተባለ። ምክንያቱ እውነተኛ ነው፤ እኔም ወንድሜ ቢሆን ኖሮ በየቀኑ ሲወድቅ እንዲታይ አልፈቅድም።

ልጄ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀን በትምህርት ቤት ተምራዋለች፤ ጭሱን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን፣ ባንዲራውን ታውቃለች። አክስቴ ቤት ይህን ሳወራ ግን «ሰው ከላይ ወድቆ ነበር እንዴ?» ብላ በድንጋጤ አየችኝ። እኔም ደነገጥኩ። አክስቴ ፈረንጁ ያላነሣውን እርሱ እንዳነሣው ታስታውሳለች፤ ልጄ ካሜራ ያነሣውን አታውቅም። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ አንድ ፍራሽ ላይ፣ ፈንዲሻ እየተካፈሉ ተቀምጠው ነበር።

አሜሪካ ሁልጊዜ በርኅራኄ ብቻ ነው የምትሸፍነው ብዬ ደግሞ ልጄን አላታልላትም። በጦርነት የሞቱ ወታደሮች አስከሬን በደላዌር ዶቨር አየር ኃይል ጣቢያ ሲገባ ካሜራ እንዳይቀርብ ከ1991 እስከ 2009 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ተከልክሎ ነበር። የኢራቅ ጦርነት የከፋባቸው ዓመታት በዚህ ውስጥ ናቸው። በባንዲራ የተሸፈነው ሣጥን ያልታየው ዘግናኝ ስለሆነ አይደለም፤ የሟቹን ብዛት የሚያስቆጥር ስለሆነ ነው። ክልከላው ሲነሣ ግን አንድ የማከብረው ነገር ተደረገ፤ ይታይ ወይስ አይታይ የሚለውን እያንዳንዱ የሟች ቤተሰብ እንዲወስን ተተወ።

እኛ አገር ቤተሰብን የሚጠይቅ ማን ነው? ሚያዝያ 11 ቀን 2007፣ ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችን የታረዱበት ቪዲዮ ሲወጣ መንግሥት ዜግነታቸውን እያጣራሁ ነው ሲል ቂርቆስ ሰፈር የልጆቹን መልክ የለዩ ቤተሰቦች እያለቀሱ ነበር። ስልኩ ከዜናው ቀድሞ ደርሷል። ዛሬ ቴሌቪዥን የቆረጠው ሁሉ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ቀን፣ ያለ ቦታ፣ ከሠርግ ፎቶና ከዘፈን መካከል።

ይህን ሁሉ ስናወራ ዝም ብላ የምታዳምጥ ጎረቤት ነበረች፤ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ በአርባዎቹ መጨረሻ ያለች ሴት። ሁለተኛውን ስኒ መሬት ላይ አስቀመጠችና «የእኔ እህት ቆሼ ናት የቀረችው» አለች።

ቆሼ ከአክስቴ ቤት ሩቅ አይደለም። ረጲ ላይ የከተማው ቆሻሻ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲከመርበት የኖረ ተራራ ነው። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ማታ ከጎኑ ተንዶ ሥሩ ያሉትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር፤ ከውጭ አገር የሚተላለፉትን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት የተከለከለበት ዓመት። ልጄ ይህን ልታምነኝ አልቻለችም። ቴሌቪዥን ማየት፣ በገዛ ቤትህ፣ እንዴት ወንጀል ይሆናል?

ሴትዮዋ አራት ቀን ገመዱ አጠገብ ቆማለች። ማሽኑ በቆፈረ ቁጥር ሰው ሁሉ ይጠጋል፣ ፖሊስ ይመልሳል፣ እንደገና ይጠጋል። ሽታው ልብሷ ላይ ቀርቶ ሦስቴ አጥባ በመጨረሻ ጣለችው። «ማታ ቤት ገብቼ ቴሌቪዥን ስከፍት ያው ማሽን ይታያል፣ ትልልቅ ሰዎች ቆመው ይታያሉ። እኛ የቆምንበት ግን አይታይም» አለች። በአምስተኛው ቀን አንድ የምታውቀው ልጅ በስልክ ቪዲዮ ላከላት። አስከሬን ሲወጣ የሚያሳይ ነው። ፊቱ አይለይም። «ነጠላዋን ለየሁት። ጥለቱን እኔ ነኝ የመረጥኩላት። አሁንም ምጣድ ላይ ሊጥ ሳፈስ ድንገት ይመጣብኛል።»

ልጄ እጇን ያዘቻት። ማናችንም አልተናገርንም። የጣደችው ቡና ገንፍሎ ከሰሉ ላይ ሲጤስ ነው አክስቴ የነቃችው።

ኒው ዮርክ ውስጥ በየዓመቱ ሕንፃዎቹ በነደዱበት ቀን የሟቾቹ ስም አንድ በአንድ እንደሚነበብ ለሴትዮዋ ነገርኳት፤ 2,983 ስም፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚወስድ፣ ዘመድ ለዘመዱ እያነበበ፣ ቴሌቪዥን እያስተላለፈ። ምስሉን የሸሸገች አገር ስሙን አልሸሸገችም። የማወዳድረው ሀብቱን አይደለም። ከ110 የሚበልጥ ስም ለማንበብ ሳተላይት አያስፈልግም፤ አቦል ወርዶ ቶና እስኪፈላ ያልቃል።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፋች። «አስከሬን ያሳዩ አላልኩም፤ እርሱንስ እንኳን ቴሌቪዥን እኔም ባላየሁት። ስሟን ቢጠሯት ምን ነበረበት? ሰፈር ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ሰው እኮ አለቀ። ገሚሱ ተነሥቶ ሄደ፣ ልጆቹ ቆሼ ሲባሉ ቆሻሻውን ከመብራት ማመንጫው ጋር ነው የሚያውቁት።» በ2010 መጨረሻ ቆሻሻን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ጣቢያ እዚያው ረጲ ተመርቋል፤ በዚያ በኩል ስናልፍ ጭስ መውጫውን ለልጄ ያሳየኋት እኔው ነበርኩ። ስለ ተቀበሩት ሰዎች ግን አንድ ቃል አልነገርኳትም ነበር።

ስልኬን አወጣሁና የእህቷን ስም እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ነገረችኝ፣ ጻፍኩ። ስልኩን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፤ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጣቷን ከፊደሉ ላይ አሳረፈች።

«በጸሎቱ ጸ አይደለም ጋሼ» አለችኝ። «በፀሐዩ ነው።»

አስተካክዬ አሳየኋት።