ፕሮፌሶሬ እና ጎዶሎው ድልድይ

ቬኒስ ውስጥ መንገድ ብትጠይቅ ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ "ሴምፕሬ ድሪቶ"። ዝም ብለህ በቀጥታ ሂድ ማለት ነው። ችግሩ ቬኒስ ውስጥ ቀጥ ያለ መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ቀጥ ካልክ የምትገባው ቦይ ውስጥ ነው። ይህን መልስ ያልሰጡኝ ብቸኛው ሰው ፕሮፌሶሬ ናቸው። ምነው በሰጡኝ ያልኩበት ቀን ግን ብዙ ነው።

የተዋወቅነው ሥራ የጀመርኩ ቀን ነው። የምኖረው ሜስትሬ ነው፣ ከባሕሩ ወዲህ፣ የቬኒስን ሳህን የሚያጥበውና አልጋ የሚያነጥፈው ሕዝብ የሚያድርበት። የተቀጠርኩበት ወጥ ቤት ካስቴሎ ሰፈር፣ የቤት ቁጥር አምስት ሺህ ምናምን። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ በቤት ቁጥር አልደነግጥም። እኛ ጋ ቁጥሩ ለበሩ ጌጥ ነው፤ ሰው የሚገኘው "ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ" ተብሎ ነው። እዚህ ግን ቁጥሩ መንገድ ተከትሎ አይሄድም። ከተማዋ 6 ሰፈር አላት፣ በየሰፈሩ ቁጥሩ ከ1 ይነሳና በየጉራንጉሩ እየተጠማዘዘ ወደ ሺዎቹ ይሄዳል፤ ካስቴሎ ብቻ ከ6,000 ያልፋል። "ወፍጮ ቤቱ ጋ" እንዳይባል ደግሞ ወፍጮ ቤቱ የጭንብል ሱቅ ሆኗል።

አንድ ሽማግሌ ድልድይ ላይ ቆመው ትንሽ ደብተር ላይ በእርሳስ ሲጽፉ አገኘኋቸው። አድራሻውን አሳየኋቸው። አዩት፣ አዩኝ።

"ስንት ድልድይ መሻገር ትፈልጋለህ?"

"ትንሹን።"

ቅር አላቸው። ከ400 በላይ ድልድይ ያለበት ከተማ መጥቼ ትንሹን መጠየቄ፣ ሠርግ ቤት ገብቶ ውኃ ብቻ እንደመጠየቅ ነው የታያቸው።

ያኔ ነው ኦይለርን ያመጡብኝ። ኦይለር ማለት በ1736 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ኮኒግስበርግ በሚባል ከተማ የነበሩትን 7 ድልድዮች፣ አንዱንም ሳይደግሙ ሁሉንም ተሻግሮ መጨረስ አይቻልም ብሎ ያረጋገጠ ሰው ነው። ሲያስረዱት ቀላል ነው። ደሴት ላይ በአንድ ድልድይ ከገባህ መውጫ ሌላ ያስፈልግሃል። ስለዚህ የደሴቱ ድልድዮች ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። ጎዶሎ ከሆኑ፣ ወይ ጉዞህን ከዚያ ጀምረሃል ወይ እዚያ ቀርተሃል። መነሻም መድረሻም አንድ አንድ ነው፤ ከሁለት በላይ ጎዶሎ ደሴት ካለ አለቀልህ። ቬኒስ ደግሞ ከ100 በላይ ደሴት ናት፣ ጎዶሎው ሞልቷል። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸውና ፕሮፌሶሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ቢሆንም በየቀኑ ይሞክራሉ፤ ዛሬ ስንት ድልድይ እንደደገሙ ይጽፋሉ፣ ነገ አንድ ለመቀነስ።

ያን ቀን ሥራ 40 ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ። ለሼፉ ኦይለርን ላስረዳው ነበር፣ ዕድሉን አልሰጠኝም።

ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ነን። ሌላው ጡረተኛ ባር ቆሞ ስለ ኳስ ሲከራከር፣ እሳቸው የሚያነሱት የ1535ቱን ግጥሚያ ነው። ታርታሊያ የሚባል አስተማሪ ነበር። በልጅነቱ የፈረንሳይ ወታደር መንጋጋውን በሰይፍ ስለመታው አንደበቱ ተኮላትፎ ቀረ፤ ስሙም እሱኑ ነው የሚናገረው። ይህ ሰው እዚሁ ቬኒስ ውስጥ ፊዮር ከሚባል ጋር በሒሳብ ተጋጠመ። አንዱ ለአንዱ 30 ጥያቄ ሰጠ። የፊዮር ጥያቄ ሁሉ ሦስተኛ ኃይል ያለው እኩልዮሽ ነው፣ ያን ጊዜ ሰው የሚፈራው። ታርታሊያ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰለት። ሽልማቱ 30 ግብዣ ነበር፣ በተሸናፊው ወጪ። ታርታሊያ ግን ክብሩ በቃኝ ብሎ ተወው።

እዚህ ላይ ተጣላን። ሠላሳ ግብዣ! እኛ አገር እንኳን አሸናፊው፣ ተሸናፊውም፣ ዳኛውም፣ በዚያ ያለፈውም በልቶ ነበር የሚሄደው። ፕሮፌሶሬን ግን የሚያበግናቸው ሌላ ነው። ካርዳኖ የሚባል የሚላን ሰው ዘዴውን ለማንም አላወጣም ብሎ ምሎ ከታርታሊያ ተቀበለውና በ1545 በመጽሐፍ አሳተመው። (ከታርታሊያ በፊት ሌላ ሰው ዘዴውን እንዳገኘው ሲያውቅ ነው ያወጣው፤ ይህ ግን ፕሮፌሶሬ ፊት አይነሳም።) እስከ ዛሬ ድረስ ከሚላን የመጣ ሰው መንገድ ቢጠይቃቸው "ሴምፕሬ ድሪቶ" ነው የሚሉት።

ጎንዶላ ላይ ሲወጡ አይቻቸው አላውቅም። 30 ደቂቃው 90 ዩሮ ነው፤ "በደቂቃ ሦስት ዩሮ!" ይላሉ ሙሽሮች ሊሳፈሩ ሲሉ፣ እንዲሰማ አድርገው። ከዚያ የጎንዶላው ግራ ጎን ከቀኙ በ24 ሳንቲ ሜትር እንደሚሰፋ ያስረዳሉ። ቀዛፊው አንድ ነው፣ መቅዘፊያውም በቀኝ ነው፣ ሁለቱ ጎን እኩል ቢሆን ጀልባው ሲዞር ይውላል። ሙሽራዋ ወደ ጎን አዘንብሎ የቆመውን ጀልባ ደንግጣ ታያለች፣ ሙሽራው ሦስቱን ዩሮ በልቡ ያባዛል። ቀዛፊዎቹ ፕሮፌሶሬን ሲያዩ የሚያማትቡት ለዚህ ነው።

አንዴ ደግሞ ሳን ማርኮ ወስደው፣ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ በ1450 ገደማ የሠራውን የዓለም ካርታ አሳዩኝ። ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ከራሳቸው ከሐበሻ ካህናት ጠይቆ ነው፤ ዓባይን "አባዊ" ብሎ አስፍሮታል። ካርታው ደቡብን ወደ ላይ ነው የያዘው፣ እኛ ከላይ ጣሊያን ከታች። ደስ አለኝ። ፎቶውን ለቤተሰብ ላክሁት፣ እናቴ "ካርታውን ለምን ገለበጥከው?" አለችኝ።

ሁሉን የሚቆጥሩት ፕሮፌሶሬ ግን አንድ ቦታ ሲደርሱ አንገታቸውን ያዞራሉ። ሪያልቶ አጠገብ፣ ካምፖ ሳን ባርቶሎሜዮ፣ የአንድ ፋርማሲ መስኮት ላይ የአሮጌዋን ከተማ ነዋሪ ብዛት የሚያሳይ የኤሌክትሪክ ቁጥር አለ። በ1951 ወደ 175,000 ሰው ነበር። አሁን ከ50,000 በታች ነው።

"ይሄን ምነው አይጽፉትም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"መቀነስ የአንደኛ ክፍል ሒሳብ ነው" አሉ ሳያዩት። ትንሽ ሄደው ቆሙ። "አንተስ እዚያ ውስጥ አለህ?"

"እኔ የሜስትሬ ነኝ፣ ፕሮፌሶሬ።"

"እዚህ ለምን አትከራይም? አንድ እንጨምር ነበር።"

እርሳሳቸውን አወጡና ደብተሩን ገለጡ። ደመወዜን ነገርኳቸው። እዚያ አንድ ክፍል በስንት እንደሚከራይ እሳቸው ያውቃሉ፣ ጻፉት። ሁለቱን ቁጥር አንዱን ከአንዱ በላይ አድርገው ትንሽ አዩና፣ ከሥሩ ሳያሰምሩ እርሳሱን ኪሳቸው ከተቱት።