ልጆቹ ምን አጥፍተው ነው?

የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ልጁን ቤት ለሚያስተምር ሰው ብዙም አታስቸግርም። ከመጀመርህ ቢያንስ 15 ቀን ቀድመህ ለካውንቲው የትምህርት ቢሮ ቅጽ ሞልተህ ታሳውቃለህ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ታስተምራለህ። የልጁን ሥራ በፎልደር ታስቀምጣለህ፤ ገምጋሚ በዓመት ቢበዛ 3 ጊዜ ያየዋል። የመምህርነት ዲፕሎማ አምጣ የሚልህ የለም። «ለምን?» የሚልህም የለም።

«ለምን?» የሚለው የእኛ ሰው ነው።

እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለው ወዳጄ ሁለት ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሲያስወጣ፣ መጀመሪያ የደወሉት ደብረ ብርሃን ያሉት እናቱ ናቸው። «ልጄ፣ ምን አጥፍተው ተባረሩ?» ጀርመን ያለችው እህቱ ደግሞ «ፖሊስ አይመጣባችሁም?» አለች። አይፈረድባትም፤ እሷ ጋ ልጅን ትምህርት ቤት አለመላክ ያስከስሳል። ማኅበር ላይ የተወራው ግን ይብሳል። አንዷ «ገንዘብ ሊቆጥቡ ነው» አለች። ፐብሊክ ስኩል እኮ በነጻ ነው ቢሏት ወይ ፍንክች።

ባልና ሚስት መልስ ፍለጋ ወረቀት ይዘው ተቀመጡ። «ዓላማችን» ብለው ጻፉ። እሱ «ጠያቂ ትውልድ ማፍራት» አለ። እሷ «አማርኛ እንዲናገሩ» አለች። እሱ «በ16 ዓመታቸው ኮሌጅ እንዲገቡ»። እሷ «ትልቅ ሰው ሲገባ ከሶፋ እንዲነሱ»። ወረቀቱ ሞላ፣ ተገለበጠ፣ ጀርባውም ሞላ። ላየው ሰው የአምስት ዓመት አገራዊ ዕቅድ ነው የሚመስለው። እኔ እንዳነበብኩት ከሆነ ግማሹ ዓላማ ሳይሆን ቂም ነው። እሱ ተማሪ እያለ የሒሳብ አስተማሪው ጆሮውን ይጠመዝዙት ነበር፤ እሷን ደግሞ የምታሳድጋቸው አክስቷ «ሰው ፊት አትናገሪ» ይሏት ነበር። ዕዳውን ልጆቹ ይክፈሉ እንግዲህ።

ልጆቹን የጠየቃቸው የለም። በኋላ ቡና ላይ ትልቁን እኔ ጠየቅኩት። «ጠዋት መተኛት» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ዝርዝር ያመንኩት ይሄን ብቻ ነው።

ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ተለጠፈና ትምህርት ተጀመረ። አባት በፊደል ጀመረ። 33ቱ ሆሄ በ7 ሲባዛ 231 ስለሆነ ሒሳብም አብሮ ተያዘ፤ ፎልደር ገባ። እስክስታ ስፖርትም ሙዚቃም ተብሎ ሁለት ቦታ ገባ። ሽሮ ማማሰል በሳይንስ ተመዘገበ። ሁሉም ጥሩ ይሄድ ነበር፣ ትንሿ ጣቷን እስክታነሣ ድረስ።

«ዳዲ፣ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሁሉም ሀ ከሆኑ ለምን አንዱ አይበቃም?»

«ከግእዝ የመጣ ነው።»

«ግእዝ ላይስ ለምን ሦስት ሆነ?»

«ዝም ብለሽ ድገሚ!»

«ጠያቂ ትውልድ» የሚለው ወረቀት ልክ ከጭንቅላቱ በላይ ነበር።

የድሮዎቹ የኔታ በዚህ በኩል አይታሙም። ዓላማ ጽፈው አልለጠፉም። ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት መድገም ነው። ለምን እንደምትማር ካልገባህ አለንጋው ያብራራልሃል። ወዳጄ ግን አለንጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እንደማይሠራ ስለሚያውቅ፣ ያለው ብቸኛ መሣሪያ ዋይፋይ ማጥፋት ነው። እሱንም ሲያጠፋ የራሱ ትምህርት ይቋረጣል። ማታ የሚያስተምረውን የክፍልፋይ ሒሳብ ለመረዳት ቀን ዩቲዩብ ላይ የሚያጠናው እሱ ነዋ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ገምጋሚዋ መጣች። ፎልደሩን አገላበጠች፣ እስክስታው ፎቶ ላይ ፈገግ አለች፣ ፈርማ ሄደች። ወሬው ማኅበር ደረሰ። «ገንዘብ ሊቆጥቡ ነው» ያለችው ሴትዮ በሳምንቱ ደወለች።

«ወንድሜ፣ እንዴት ያለ ደግ ሥራ ነው የጀመራችሁት! የእኔንም ሁለቱን ጨምሩልኝ። ሰኞና ረቡዕ ሺፍት አለብኝ።»

ሌላዋም ሦስት ልጆች ይዛ ተሰለፈች። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሚስት ወረቀቱን ከፍሪጁ አወረደችና ከ«ጠያቂ ትውልድ» በላይ በትልቁ ጻፈችበት፦ «የሰው ልጅ አንቀበልም።»