ለ«ደረስኩ» ባዮች የቀረበ ምስጋና

በዚህች አገር ያልተመሰገነ የለም። እስካሁን የተረሱት «ደረስኩ» ባዮች ብቻ ናቸው። ግፍ ነው።

ጠዋት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ግቡ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰውዬ የደብረ ሲና ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጧል። መኪናው ግማሹ እንኳ አልሞላም። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «የሞላ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። የሰውዬው ስልክ ይጮኻል። ጋቢውን ከአፉ ገለጥ ያደርጋል። የረዳቱ ጩኸት እንዳይሰማ ስልኩን በመዳፉ ይከልላል። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ፦ «ኧረ ጉዶ በረትን አለፍን! ቁልቁለቱን ልንይዝ ነው።»

ይህ ተራ ሰው ነው? ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከተማዋን የቆረቆሩት ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቷቸው ነው ይባላል። ሰውዬው ብርሃኑን ቀድሞታል።

ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መሀል ላይ ጣርማበር አለ፤ ጉሙ፣ ገደሉ፣ ጠመዝማዛው። ጣሊያን ያን ተራራ በስቶ ዋሻ ለማውጣት ስንት ደማሚት ጨርሷል። የእኛ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ይበሳዋል። ደግሞ ጥያቄ ሲበዛበት «ሃሎ... ሃሎ... ዋሻው ውስጥ ገባን መሰለኝ» ብሎ ጥርቅም ያደርገዋል። ጣሊያን ለዚህ ብሎ እንዳልቆፈረው ግልጽ ነው። ግን ተገኝቶ ነው?

ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ያልደረሰ ሰው ዝም ብሎ ያልደረሰ ነበር። «የት ደረስክ?» የሚለው የለም፤ እሱም አይዋሽም። እንዴት ያለ ጨለማ ዘመን ነው!

ደብረ ሲና ያለው ጠባቂም የዋዛ አይደለም። «በል ቶሎ ና፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜልሃለሁ» ይላል። ካልሲውን እየፈለገ ነው። ባለቤቱም ሒሳቡን ታውቀዋለች። «ጉዶ በረት» ከተባለ መኪናው አልተነሣም። «ዋሻውን አለፍን» ከተባለ ገና አሁን ተነሣ። «ገባሁ፣ ገባሁ» ሲል ሽሮው ይጣዳል። በዚህ ስሌት ወጥ ያረረበት ቤት አላየሁም።

ሙያው የመንገደኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልብስ ሰፊዬ «ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው» ብሎኛል። ጨርቁን እዚያው መደርደሪያው ላይ እንደተጠቀለለ አይቼዋለሁ። ያቺ ቁልፍ ፋሲካን አሳለፈችኝ፤ ለእንቁጣጣሽ ግን ትደርሳለች ተብያለሁ።

አገር የሚያምሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እውነት የሚናገረው። አንድ ወዳጄ «ገና መናኸሪያ ነኝ፣ ሰባት ሰው ይጎድለናል» ብሎ ደወለ። ሰሚው እንደ ልማዱ አሰላ። ጉዶ በረት ነኝ ያለ መናኸሪያ ከሆነ፣ መናኸሪያ ነኝ ያለ ከአልጋው አልወረደም። ቤቱን ቆልፎ ገበያ ወጣ። ወዳጄ ደርሶ በር ላይ ሁለት ሰዓት ተገተረ። ሲደውልለት ምን ቢለው ጥሩ ነው? «መጣሁ፣ በሩ ጋ ደርሻለሁ።»